ዳግም መወለድን በፍቅር ታሪክ ለምትጽፉ አባሎቻችን

የተከበራችሁ የንባብና የጽሕፈት ቡድናችን አባላት፣

ቅዳሜ ዕለት በጣና ዳር ካነበባችኋቸው ረቂቆች አብዛኞቹ ሞት የለያቸው ፍቅረኞች በሌላ ሥጋ ተወልደው ሲገናኙ የሚያሳዩ ስለነበሩ፣ ያሳሰበኝን ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

በሂንዱና በቡድሃ እምነቶች ሳምሳራ ለሚባለው የልደትና የሞት ዑደት የመጨረሻው ተስፋ ከዑደቱ መውጣት እንጂ ደጋግሞ መወለድ አይደለም፤ ቡድሃ የሚለው መጠሪያ ራሱ «የነቃ» ማለት ነው። ስለዚህ መንፈሷ የነቃ ባለታሪክ የቀድሞ ወዳጇን በማግኘቷ ብቻ ልትረካ አትችልም፤ እርሱን አልለቅም ማለቷ ራሱ ያስራት እንደሆነ መጠየቅ ይኖርባታል፤ የታሪኩ እውነተኛ ጭንቅ ለእኔ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ባሕር ዳር ተወልዳ በትንሣኤ ሙታን ትምህርት ያደገች ልጅ ደግሞ የቀድሞ ሕይወት ትዝታ ሲመጣባት በደስታ አትቀበለውም፤ ትደነግጣለች፣ ለንስሐ አባቷ ልንገር አልንገር እያለችም ታመነታለች። ይህን ፍርሃት አትዝለሉት።

ትዝታውም በሕልም ብቻ አይምጣ። ታንኳ ላይ ወጥታ የማታውቅ የከተማ ልጅ፣ ከደንገል የተሠራ ታንኳ ውኃ እየጠጣ እንደሚከብድና ፀሐይ ላይ ወጥቶ መድረቅ እንዳለበት እጇ ቢያውቅ፣ አንባቢ ያለ ማብራሪያ ያምናታል።

አንዱ አስታውሶ ሌላው ካላስታወሰ ግን፣ ያላስታወሰው እንቢ የማለት መብቱ ይጠበቅለት፤ የቀድሞ ሕይወት ቃል ኪዳን የዛሬውን ፈቃድ አይተካምና። የታረሙትን ገጾች በሚቀጥለው ስብሰባችን ይዛችሁ እንድትመጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።