የስኬቱ ዝርዝር ያልያዛቸው ሥራዎች

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

የ2020–21 የትምህርት ዓመት መዘጋቱን ምክንያት በማድረግ ያወጣችሁትን የተማሪዎችና የሠራተኞች ስኬት ዝርዝር አንብበነዋል። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጽፈነዋል።) ነጻ የትምህርት ዕድል ያገኙት፣ በክርክርና በሮቦቲክስ ያሸነፉት፣ የዓመቱ መምህር የተባሉት ሁሉ ይገባቸዋል፤ አንድም ስም ይውጣ አንልም። ቅር ያሰኘን ዝርዝሩ በየትኛውም ደህና ዓመት ሊወጣ የሚችል መሆኑ ነው። ከርዕሱ በቀር የኮሮና ወረርሽኝ እንደነበረ የሚናገር ነገር የለበትም። የዚህ ዓመት ትልቁ ሥራ አንድ ልጅ ጠዋት ስክሪን ፊት እንዲቀመጥ፣ ከተቀመጠም እንዲሰማና እንዲደመጥ፣ ምሳ ሰዓት ሲደርስ እንዲበላ ማድረግ ነበር። ይህን የሠሩት የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኞች፣ የካፍቴሪያ እናቶች፣ የአውቶቡስ ሾፌሮች፣ የመዝገብ ቤት ጸሐፊዎች፣ አስተርጓሚዎችና ታላላቅ እህትና ወንድሞች ናቸው።

የጊዜው የቨርጂኒያ ገዥ ራልፍ ኖርዛም ትምህርት ቤቶችን ማርች 13 ቀን 2020 ሲዘጉ ለሁለት ሳምንት ብቻ ነበር። ማርች 23 ላይ ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንዲዘጉ አዘዙ። በአሥር ቀን ውስጥ ማለት ነው። እንደ ሰሜን ቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ያለ፣ አማርኛ ከስፓኒሽ፣ ከዓረብኛና ከዳሪ ጋር ከዋና ዋናዎቹ የቤተሰብ ቋንቋዎች አንዱ የሆነበት ዲስትሪክት (የአንድ አካባቢ ትምህርት ቤቶች አስተዳደር) ሴፕቴምበር 8 ቀን 2020 አዲሱን ዓመት በኢንተርኔት ከፈተ፤ ልጆች በከፊል ወደ ክፍል መመለስ የጀመሩት ማርች 2021 ነው።

ክሮምቡክ (ተማሪዎች የሚማሩበትን ላፕቶፕ) ማደሉ ቀላሉ ክፍል ነበር። ከታደለ በኋላ ከመጣው ጣጣ ብዙውን ያመጣው ኮምፒውተሩ ራሱ ሳይሆን ቻርጀሩ ነው። አብዛኞቹ አዳዲስ ክሮምቡኮች በዩኤስቢ ሲ ገመድ የሚሞሉና 45 ዋት የሚፈልጉ ናቸው። ቻርጀሩ ሲጠፋ ቤተሰብ የስልክ ቻርጀር ይሰካል፤ ጫፉ ልክ ይገጥማል፣ መብራቱም ይበራል። ግን የስልክ ቻርጀር የሚሰጠው ኃይል ካሜራው፣ ስክሪኑና ዙም አንድ ላይ ከሚበሉት ያንሳል። ስለዚህ ባትሪው ተሰክቶም ይወርዳል፤ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ማሽኑ ይጠፋል፤ ቤተሰቡም "ኮምፒውተሩ ተበላሸ" ብሎ ይዞት ይመጣል። ልምድ ያገኘ የጥገና ሠራተኛ ማሽኑን ሳይከፍት በፊት በስልክ "ቻርጀሩ ላይ ከዋት አጠገብ የተጻፈው ቁጥር ስንት ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ይህች አንዲት ጥያቄ፣ በአማርኛ ስትጠየቅ ደግሞ በተለይ፣ ስንቱን ቤተሰብ ከምልልስና ከቀሪ አድናዋለች።

ሁለተኛው ችግር የመግቢያ ነበር። ዲስትሪክቶች የማይታወቅ ሰው ክፍል እንዳይገባ ዙም ላይ በትምህርት ቤት ኢሜይል ያልገባ ሰው መምህሩ እስኪያስገባው እንዲጠብቅ አድርገዋል፤ ትክክል ነው። ቤት ውስጥ ግን በአንድ ላፕቶፕ የእናት ጂሜይል ተከፍቶ ይቆያል፤ ልጁ ሊንኩን ሲጫን በእናቱ ስም ይገባል፤ መምህሯ ያላወቀችውን ስም "መጠበቂያ ክፍል" ውስጥ ትተወዋለች። ልጁ አርባ ደቂቃ ይጠብቃል፤ በመዝገቡ ላይ ግን ቀሪ ነው። መፍትሔው ሁለት ደቂቃ አይወስድም፦ ከዙም መውጣት፣ ከእናት አካውንት መውጣት፣ በትምህርት ቤቱ ኢሜይል እንደገና መግባት፣ ከዚያ በካንቫስ ወይም መምህሩ በሚጠቀምበት ገጽ በኩል ሊንኩን መክፈት። ሊንኩን ከቴክስት ላይ በቀጥታ መጫን ነው አብዛኛውን ጊዜ ስህተቱን የሚያመጣው።

ስለ ኢንተርኔቱ ትንሽ ረዘም አድርገን እንጻፍ፣ ሰው በብዛት የተሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። የኮምካስት ኩባንያ ኢንተርኔት ኢሴንሻልስ ያኔ በወር 9.95 ዶላር ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የሚሰጥ ነበር። በ2020 ፍጥነቱ ሲቀበል 25 ሜጋቢት፣ ሲልክ ግን 3 ሜጋቢት ብቻ ነበር። ቤተሰቡ ፊልም ሲያይ ምንም አይቆራረጥበትም፤ ስለዚህ "ኢንተርኔታችን ደህና ነው" ይላል። ፊልም መቀበል ነው፤ ትምህርት ግን መላክም ይጠይቃል። ዙም ላይ ካሜራውን የከፈተ አንድ ልጅ እንደ ምስሉ ጥራት ከ1 እስከ 2.6 ሜጋቢት ይልካል። ሦስት ልጆች ካሜራቸውን አንድ ላይ ሲከፍቱ 3 ሜጋቢቱ አልቋል፤ የመጀመሪያው ምልክት ምስል መድረቁ፣ ሁለተኛው መምህሩ የልጁን ድምፅ መስማት አለመቻሉ ነው። ኩባንያው በማርች 2021 ፍጥነቱን ወደ 50 እና 5 አሳድጎታል፤ ሦስት ልጅ ላለበት ቤት ግን ያም ጠባብ ነበር።

ዘዴው ታናሹ ካሜራ ከፍቶ ሁለቱ ታላላቆች እንዲዘጉ፣ በዙም ማስተካከያ ውስጥም ከፍተኛ ጥራት የሚለው ምልክት እንዲነሳ ማድረግ ነበር። ከትምህርት ቤት የተሰጠው ሆትስፖት (በስልክ ኔትወርክ ኢንተርኔት የሚሰጥ ትንሽ መሣሪያ) ከሆነ ደግሞ መስኮት አጠገብ ይቀመጣል እንጂ ቴሌቪዥን ኋላ አይደበቅም፤ የእናትና የአባት ስልክም ከእሱ ላይ ይነሳል፤ ወርኃዊ ዳታው ገደብ ያለው ከሆነ በወሩ አጋማሽ የሚዘገየው በዚሁ ምክንያት ነው። ይህን የገባቸው መምህራን ካሜራ ለዘጋ ልጅ በቻት አንድ መልስ ወይም የአውራ ጣት ምልክት እንደ መገኘት ቆጠሩለት። ያልገባቸው ደግሞ ቀሪ ጻፉበት። ካሜራ አለመክፈትን ስንፍና ወይም ንቀት አድርጎ ያየ ሁሉ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ሦስት ክፍል በአንዴ ሲካሄድ፣ ሌሊት ታክሲ ያሽከረከረ አባትም እዚያው ተኝቶ ሳለ፣ ከጀርባ ምን እንደሚታይ አላሰበም።

አሁን ወደ ቋንቋው። የሕጉ ነገር ግልጽ ነው፦ በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ አንቀጽ 6 መሠረት ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የማይችል ወላጅ በሚገባው ቋንቋ መልእክቱን ማድረስ ግዴታው ነው። ማስተርጎም ግን ማድረስ አይደለም። በአጭር የጽሑፍ መልእክት አንድ መልእክት በላቲን ፊደል 160 ምልክት ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ 70 ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ በአንድ መልእክት ያለቀ ማስታወቂያ በአማርኛ ከአንድ በላይ ቦታ ይቆራረጣል፤ ቁርጥራጮቹ አንዳንዴ ተዛብተው ይደርሳሉ፤ "ትምህርት ነገ" የሚለው ይደርስና "የለም" የሚለው ወደ ኋላ ይቀራል። በፎቶ መልክ የተላከ ፒዲኤፍ ደግሞ በስልኩ የትርጉም መሣሪያ በቀላሉ አይነበብም። የሠራው መንገድ ያረጀው ነው፦ በአማርኛ የተቀዳ የ30 ሰከንድ የድምፅ ጥሪ፣ ዋናው ነገር በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር፣ መልሶ የሚደወልበት ቁጥር መጨረሻ ላይ ሁለት ጊዜ። ማንበብ ለማይችሉ አያቶችም ደረሰ።

የወላጅና መምህር ስብሰባም ቀጠሮው የተያዘው ለ20 ደቂቃ ከሆነ በአስተርጓሚ በኩል የሚሠራው ለ10 ነው፤ እያንዳንዱ ነገር ሁለት ጊዜ ይባላላ። የልዩ ፍላጎት ልጆችን ዕቅድ የሚወስነው ስብሰባ ላይ ይህ ሒሳብ ሳይያዝ ሲቀር ወላጅ ያልገባውን ፊርማ ፈርሞ ይወጣል። ሰዓቱን እጥፍ አድርገው የያዙ ርዕሳነ መምህራን አሉ፤ ስማቸው በዝርዝራችሁ ላይ አላየንም።

የመዝገብ ቤት ጸሐፊዎችን እንመልከት፣ ከሁሉም የተዘነጉት እነሱ ናቸውና። የእኛ ስም የቤተሰብ ስም የለውም። ልጅ በአባቱ ስም ይጠራል፣ እናት በራሷ አባት፤ ስለዚህ እናትና ልጅ በኮምፒውተሩ ዓይን ባዕድ ናቸው። አንዱ ስም በፓስፖርት በአንድ አጻጻፍ፣ በክትባት ካርድ በሌላ ይገኛል። የልደት ቀን ደግሞ አንዳንዴ ሳይለወጥ በእኛው አቆጣጠር ይገለበጣል፤ ልጁ በወረቀት ላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይጨምራል። በደህና ጊዜ ይህ የሚያስቅ ስህተት ነው። ዘንድሮ ግን ምግብ ነበር።

ምክንያቱም ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነጻ ወይም ቅናሽ ምሳ ያጡ ልጆች የተካካሱበት ፒ-ኢቢቲ የተባለው የምግብ መግዣ ካርድ ይላክ የነበረው ትምህርት ቤቱ በያዘው ስምና አድራሻ ነው። ክፍያው በ2020 ጸደይ ላይ ለአንድ የትምህርት ቀን 5.70 ዶላር፣ በ2020–21 ደግሞ 6.82 ዶላር ነበር። ኪራይ ጨምሮባት ቤት የቀየረች እናት ካርዷ ወደ ቀድሞው አፓርትመንት ሄደባት። አድራሻው ትክክል የሆነለትም ቢሆን፣ የሚያብረቀርቅ ማስታወቂያ መስሎት ፖስታውን ሳይከፍት የጣለው ብዙ ነው። በብዙ ስቴቶች ሚስጥር ቁጥር ሲወጣ የልጁ የልደት ቀን ይጠየቅ ነበር፤ ቀኑ ከላይ እንዳልነው ከተዛባ ካርዱ በእጅ ሆኖም አይሠራም ነበር። እየደወሉ አንድ በአንድ ያቀኑት ጸሐፊዎች በቀን 6.82 ዶላርን በልጅ ብዛት እያባዙ ለማኅበረሰባችን አስገብተዋል ብንል ማጋነን አይደለም።

የምግብ ከረጢቱን ደግሞ ማንም ልጅ እስከ 18 ዓመቱ ያለ ወረቀት፣ ወላጅም ልጁን ሳይዝ እንዲወስድ የፌዴራሉ ግብርና ሚኒስቴር ፈቅዶ ነበር፤ ፈቃዱም እስከ ጁን 30 ቀን 2022 ተራዝሞ ነበር። የጎደለው አንድ ነገር ነው። በ2021 ዐቢይ ጾም ማርች 8 ገብቶ ፋሲካ ሜይ 2 ሲውል፣ በመሐል ደግሞ ረመዳን ገብቶ ነበር። ወተትና ሥጋ የያዘው ከረጢት በብዙ ቤት ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጦ ከረመ። ባቄላና አትክልት ያለበት ከረጢት ጨምረው ያቀረቡ የማደያ ቦታዎች ከረጢቱ አልተረፈባቸውም።

ተማሪዎቹን በተመለከተ ሁለት ነገር እንጨምር። አንደኛው የእንግሊዝኛ ተማሪዎች በየዓመቱ የሚወስዱት የዊዳ ፈተና ነው። ፈተናው በቤት የሚሰጥበት መንገድ ስላልነበረ በ2021ም ልጁ ሕንፃው ድረስ መሄድ ነበረበት። ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መናገርና መጻፍ አራቱም ይፈተናሉ፤ በቨርጂኒያ ከእንግሊዝኛ ድጋፍ ፕሮግራሙ ለመውጣት አጠቃላዩ ውጤት 4.4 መድረስ ነበረበት። ወረርሽኙን ፈርቶ ልጁን ያስቀረ ወላጅ አልተሳሳተም፤ ነገር ግን ልጁ በመዝገብ ላይ ባለፈው ዓመት ደረጃ ይቆያል። በመከር ወደ ክፍል ሲገባ ያ ደረጃ የችሎታው ማነስ ሳይሆን ፈተናውን ያለመውሰድ ውጤት መሆኑን ወላጁ ለአማካሪው መናገር አለበት፤ ካልሆነ የሚመደብለት ክፍል ዝቅ ያለ ይሆናል።

ሁለተኛው ደስ የሚለው ነው። ቨርጂኒያ ከ2016 ተመራቂዎች ጀምሮ በዲፕሎማ ላይ የሁለት ቋንቋ ችሎታ ማኅተም ትሰጣለች። የእንግሊዝኛ መመዘኛውን ላሟላና በሌላ ቋንቋ መካከለኛ ደረጃ ለደረሰ ተማሪ ነው፤ አማርኛ የሚፈተንበት መንገድም አለ። ዓመቱን ሙሉ ለእናቱ የመምህሩን መልእክት፣ ለአያቱ የክትባት ቀጠሮውን፣ ለታናሹ የሒሳቡን ጥያቄ ሲተረጉም የከረመ የ17 ዓመት ልጅ ይህን ማኅተም ካላገኘ ማን ሊያገኘው ነው? ከአማካሪው ጋር በ11ኛ ክፍል መጀመር ይሻላል፤ በ12ኛ ክፍል ጸደይ የሚነሣ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ይዘገያል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው። ኮንግረሱ ለትምህርት ቤቶች በሦስት ዙር 13.2፣ 54.3 እና ወደ 122 ቢሊዮን ዶላር መድቧል። ከሦስተኛው ዙር እያንዳንዱ ዲስትሪክት ቢያንስ 20 በመቶውን ለባከነው ትምህርት ማካካሻ ማዋል፣ ዕቅዱንም ለሕዝብ አቅርቦ አስተያየት መቀበል ነበረበት። የአማርኛ የድምፅ ጥሪ፣ ለአስተርጓሚ እጥፍ የሚያዝ ሰዓት፣ የቻርጀር መለዋወጫ እና አማርኛ የሚናገር የመዝገብ ቤት ሰው እንዲህ ባለ ዕቅድ ላይ ስማቸው ተጽፎ እንዲገባ አንባቢዎቻችሁ ለየትምህርት ቦርዳቸው ይጻፉ። በእንግሊዝኛ መጻፍ ግዴታ አይደለም፤ በአማርኛ ይጻፉ፣ ማስተርጎሙ የእነሱ ሥራ ነው።

የ2021 የክረምት ዕረፍት ፒ-ኢቢቲ ለአንድ ልጅ 375 ዶላር እንደሚሆን የፌዴራሉ መንግሥት አስታውቆ ነበር። ካለፈው መስከረም ወዲህ ቤት የቀየራችሁ፣ ትምህርት ቤቱ ለክረምት ቢሮውን ሳይዘጋ ደውላችሁ አድራሻችሁንና የልጁን የልደት ቀን አስተካክሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
በሰሜን ቨርጂኒያ ትምህርት ቤቶች የምንሠራ የአማርኛ አስተርጓሚዎችና የወላጅ አገናኞች
ጁን 2021