ባዶ እንዲሄድ የከፈልንበት ወንበር

ቀን፦ ጥር 24 ቀን 2013 ዓ.ም.
ለአስጎብኚ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ጉዳዩ፦ ከጥር 14 እስከ 16 ወደ ባሕር ዳርና ዘጌ ስለተደረገው ጉዞ ቅሬታ ስለማቅረብ

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

እኔ ሁሉም ነገር ተዘግቶ ይቆይ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። የኮሮና ቫይረስ አገራችን መግባቱ ከተሰማበት ከመጋቢት 4 ቀን 2012 ወዲህ ስንት አስጎብኚ፣ ስንት ሾፌር፣ ስንት ጀልባ ነጂ ሥራ አጥቶ እንደከረመ አውቃለሁ። ጉዞ ጀመራችሁ ሲባል ደስ ብሎኝ የተመዘገብኩትም ለዚህ ነው። እናቴንም ይዤ ነበር። 67 ዓመቷ ነው፣ ስኳር አለባት። አሥር ወር ሙሉ ከቤትና ከሐኪም በቀር የትም ሄዳ አታውቅም። የዘጌዋን ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ሳልሳለም እንዳልሞት ስትል የኖረች ሰው ናት።

ማስታወቂያችሁ "መኪናው የሚይዘው 28፣ የምንጭነው 14 ሰው ብቻ" ይላል። ዋጋው ከድሮው እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ስደውል የቢሮ ሠራተኛችሁ "ባዶ የሚሄደው ወንበርም ተደምሮ ነው" አለችኝ። ገባኝ። ሳልከራከር ከፈልኩ።

ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ስንነሳ እውነትም 14 ነበርን። ሱሉልታ ስንደርስ መኪናው ቆመና 11 ሰው ተጨመረ። አስተባባሪው እናቴን "እማማ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉልን፣ አንድ ሰው ነው" አላት። እሷ ደግሞ ሰው ማስቀየም አትችልም። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። እኔ ብናገር "ታክሲውም ሙሉ መጫን ከጀመረ ቆየ እኮ፣ ተፈቅዷል" የሚል መልስ ነው ያገኘሁት። ይፈቀድ። እናንተ ግን ግማሽ እንጭናለን ብላችሁ የባዶውንም ወንበር ዋጋ ተቀብላችኋል። ያ ወንበር የተሸጠው ሁለት ጊዜ ነው።

የሱሉልታ ብርድ ስለሚያስቸግር መስኮቱ ሁሉ ተዘጋ። ደጀን እስክንደርስ የከፈተው የለም። በሽታው በትንፋሽ የሚተላለፍ ነው። በተዘጋ መኪና ውስጥ 25 ሰው ለሰዓታት የተነፈሰውን አየር መልሶ ሲተነፍስ በር ላይ ያስቀመጣችሁት ሳኒታይዘር ምን ይሠራል? ጎሃ ጽዮን ስንደርስ ደግሞ አስተባባሪው እንተዋወቅ ብሎ ማይክ አዞረ። ሁሉም በየተራው ማስኩን ወደ አገጩ እያወረደ፣ ማይኩን አፉ ላይ ደቅኖ ስሙን ተናገረ። አንዲት ሴት በሳል መሀል ነበር የምትናገረው። ማይኩ ከእሷ እጅ ወደ እናቴ እጅ መጣ። እናቴ ሳትናገር አሳለፈችው። እኔ በነጠላዋ ጫፍ እጇን ስጠርግላት ትዝ ይለኛል።

የሙቀት መለኪያውንም ልንገራችሁ። ጠዋት ግንባራችን ላይ ሲደገን የሁላችንም ውጤት 34 ነጥብ ምናምን ነበር። ጤነኛ ሰው 36 እና 37 መሀል ነው። መሣሪያው አይሠራም ማለት ነው። ቢሠራስ? ትኩሳት ሳይኖረው ቫይረሱን የሚያስተላልፍ ሰው ሞልቷል፤ መለኪያው ብቻውን ማንንም አያድንም። ጀልባው ላይ ደግሞ ከፊታችን የወረዱት ሰዎች ያወለቁትን የሕይወት አድን ጃኬት፣ አንገቱ ገና በላብ እንደራሰ፣ ሳይጸዳ ለእኛ አለበሱን።

ከሁሉ በላይ ውስጤ የቀረው ግን ዘጌ ላይ ያየሁት ነው። በቡናው መሀል ያለውን መንገድ ጨርሰን ገዳሙ ደጅ ስንደርስ አንድ ሸምግለው ጆሯቸው የደከመ አባት ተቀበሉን። አስጎብኚያችሁ እንዲሰሙት ብሎ ማስኩን አወለቀና ጆሯቸው ሥር ገብቶ ጮክ ብሎ አወራቸው። ልጁ ክፉ አስቦ አይደለም፤ አክብሯቸው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ፊት እንዴት መቆም እንዳለበት ግን ማንም አላሰለጠነውም። እኛ በማግሥቱ ወደ ቤታችን ተመለስን። እኒያ አባት ግን ቢያማቸው ሐኪም እንደ እኛ በቀላሉ አያገኙም።

ረቡዕ ጥር 19 ያቺ ስታስል የነበረችው ሴት ደወለችልኝ። ቁጥር የተለዋወጥነው መኪና ውስጥ ነው። "እናትሽ እንዴት ናቸው?" አለችኝ። ሰኞ ዕለት ተመርምራ ፖዘቲቭ ሆናለች። ያንኑ ዕለት ለቢሮአችሁ ደውላ ተናግራለች። ለሁላችንም የነገራችሁን መስሏት ነበር። የሁላችንም ስልክ መዝገባችሁ ላይ አለ። ሁለት ቀን ሙሉ ግን አንድም ሰው አልደወለም። በሁለቱ ቀን እናቴ ከልጅ ልጆቿ ጋር አንድ ትሪ ላይ ስትበላ ነበር።

ስለ ኮሮና መረጃ ወደሚሰጠው የስልክ መስመር 8335 ደውዬ የሚደረገውን ጠየቅኩ። ተመረመርን። ውጤቱ እስኪመጣ እናቴ ክፍሏን ዘግታ፣ ምግቧን ደጃፏ ላይ እያስቀመጥንላት ከረመች። ተመስገን፣ ሁለታችንም ነጌቲቭ ነን። ስለ ሌሎቹ 22 ተሳፋሪዎች፣ ስለ ሾፌሩና ስለ እኒያ አባት ግን የማውቀው የለኝም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህንን ነው። ዛሬውኑ ለሁሉም ተሳፋሪ ደውሉ። ባሕር ዳር ላለው የጀልባ ማኅበርና ለገዳሙም መልእክት አድርሱ፤ የተጠራጠረ ይመርመር። ሾፌሩንና አስጎብኚውን በደመወዛቸው እረፍት ስጧቸው፤ ደመወዝ የሚቆረጥበት ሰው አሞኛል ብሎ አይናገርም። ለባዶ ወንበር ያስከፈላችሁትን ልዩነት ለ14ታችንም መልሱ። በየካቲት ጉዞ ማስታወቂያችሁ ላይ አሁንም "14 ሰው ብቻ" የሚል አይቻለሁና ወይ ቃሉን አክብሩ፣ ወይ ከማስታወቂያው አውጡት።

መልሳችሁን በጽሑፍ እስከ ጥር 30 እጠብቃለሁ። ካልመጣ ይህንኑ ደብዳቤ ከደረሰኙ ጋር ለሚመለከተው የሸማቾች ጥበቃ አካል አቀርባለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የወንበር ቁጥር 7 ተሳፋሪ