ጊታሪስቱ አልተሳሳተም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሰሞኑን ታክሲው ሁሉ ስለሚያጫውተው የጊታር ዘፈን ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው ዘፋኟን ካመሰገነ በኋላ ጊታሪስቱን «አዝማቹ ላይ ኮርድ ስቷል፣ ትዝታውን አበላሽቶታል» ይለዋል። አልሳተም! ከፒያሳ አራት ኪሎ ስመላለስ ሰምቼው ሰምቼው፣ በመጨረሻ ቤት ገብቼ ጊታሬን አንስቼ ክር በክር አወጣሁት።

ዘፋኟ ትዝታ ሜጀር ከሚባለው ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ንቅንቅ አትልም። ከሲ ከተነሳን ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ፣ አለቀ። ጊታሪስቱ ከሥሯ ዲ ማይነር ሰቨን የሚባለውን ኮርድ፣ ማለትም ባንዴ የሚመቱ ድምፆችን፣ ይመታል፣ ቀጥሎ ጂ ሰቨን ሲጠበቅ ዲ ፍላት ሰቨን ያመጣል፣ ከዚያ ሲ ላይ ያርፋል። ጃዝ ተጫዋቾች ትራይቶን ሰብስቲትዩሽን የሚሉት፣ አንዱን ሰቨን ኮርድ በሌላ ሰቨን ኮርድ መተካት ነው። ጂ ሰቨንም ዲ ፍላት ሰቨንም ውስጥ ኤፍ እና ቢ ስላሉ አንዱ በሌላው ቦታ ይገባል። ወፍራሙ ድምፅ በአምስተኛው ክር ላይ ከአምስተኛ ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ ያለ ክፍል) ወደ አራተኛ፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛ ይንሸራተታል። ጊታር ያላችሁ ሞክሩት፣ ጣት አያደክምም።

ጸሐፊውን የጎረበጠው ቦታ የቱ እንደሆነ የገባኝ ይመስለኛል። ዘፋኟ ጂን ይዛ ስትቆይ ኮርዱ ከሥሯ ይከዳታል። ጂ ከዲ ፍላት ስድስት ግማሽ ቶን (በጊታር ስድስት ፍሬት) ይርቃል፣ ኦክታቩን፣ ማለትም ከአንድ ድምፅ እስከ ቀጣዩ ተመሳሳይ ድምፅ ያለውን ርቀት፣ እኩል ለሁለት ይከፍለዋል፣ ስለዚህ ይቆረቁራል። እሷ ግን እዚያው ናት። ኮርዱ ሲ ላይ ሲደርስ ያው ጂ ቤቱ ይገባል። እኔ ዘፈኑን መልሼ መላልሼ የምሰማው ለዚያች ቅጽበት ስል ነው።

የሚያርፍበት ኮርድም ተራ ሲ ሜጀር አይደለም፣ ሲ ሲክስ ናይን ነው። ሲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ፣ ዲ። ቁጠሩት እስቲ፣ አምስቱም የትዝታ ድምፆች ባንዴ ተመቱ ማለት ነው። ታዲያ ትዝታው የቱ ጋ ተበላሸ?

«የፈረንጅ ኮርድ ቅኝታችን ላይ አይገባም» የምትለዋ የጸሐፊው ነገርማ አስቃኛለች። ሙላቱ አስታጥቄ ቅኝቶቻችንን ከጃዝ ጋር ማዋሃድ ከጀመረ እኮ ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈው። ጣይቱ ሆቴል የነበረው የጃዝ ክለብ ጃዝአምባ በ2007 ዓ.ም. እሳት ሳይበላው በፊት ማታ ማታ እየሄድን ከዚህ የባሰ የሚቆረቁር ኮርድ ሰምተን፣ ደስ ብሎን ነበር የምንወጣው።

በአንድ ነገር ግን ጊታሪስቱን አልምረውም። ሁለተኛው ግጥም ላይ በዝቷል። ዘፋኟ ትንፋሽ በሳበች ቁጥር ዘሎ ይገባባታል። ጸሐፊው ይህን ጽፎ ቢሆን ኖሮ እኔም ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

ከፒያሳ፣ አንድ ጊታር የሚነካካ አንባቢያችሁ