ክሪዮሶት ዳማከሴ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

ላስ ቬጋስ ታክሲ መንዳት ከጀመርኩ 14 ዓመቴ ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ አንድ ቁጥቋጦ ነው።

ከከተማው ወጣ ስትሉ በረሃውን ሞልቶት የምታዩት እሱ ነው። ክሪዮሶት ይባላል። አንድ ሜክሲኳዊ የሥራ ባልደረባዬ “ጎበርናዶራ” ይለዋል፤ ገዢዋ ማለት ነው። እውነትም ሞሃቪ የሚባለውን ይህን በረሃ የሚገዛው እሱ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ጆንሰን ቫሊ የሚባል ቦታ፣ ከአንድ ሥር እየተባዛ ክብ ሠርቶ የበቀለ አለ። ዕድሜው 11,700 ዓመት ግድም ይገመታል። ቅጠሉ ጥቃቅን ነው፤ ሁለት ሁለት እየሆነ ከግርጌው ይያያዛል፤ ሙጫ የቀቡት ይመስል ያብረቀርቃል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ በቢጫ አበባ ይሸፈናል። ከዚያ አበባው ይረግፍና እንደ ጥጥ ብናኝ ያለ ነጭ ፍሬ ይተካል።

ከሁሉም የሚገርመው ሽታው ነው። እዚህ ዝናብ ብርቅ ነው። አንድ ቀን ሲያካፋ እናቴን በመኪና ይዣት ነበር። መስኮቱን አወረደችና “ምንድነው እንዲህ የሚሸተው?” አለች። አቁሜ አንድ ቅርንጫፍ ቆረጥኩላት። በመዳፏ አሸት አድርጋ አሸተተችው። “ይሄማ የእነሱ ዳማከሴ ነው!” ብላ ልትጨምቀው ስትል እጇን ያዝኩ።

እጇን የያዝኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አብሮኝ ታክሲ የሚነዳ አንድ ወዳጄ አለ። ስኳር አለበት። ለስኳር ፍቱን ነው ብለውት የዚህን ቅጠል ደረቁን ከሱቅ ገዝቶ ጠዋት ማታ እያፈላ ይጠጣ ነበር። ሱቅ ውስጥ ስሙ ቻፓራል ነው፤ እሱም ያ የመንገድ ዳሩ ቁጥቋጦ መሆኑን አላወቀም። ሁለት ወር ሳይሞላው ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ ሽንቱ ጠቆረ። የወፍ በሽታ ነው አልን። ሐኪሟ “ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?” ስትለው የስኳሩን ኪኒን ብቻ ነገራት። አልዋሸም እኮ! ቅጠል ለእኛ መቼ መድኃኒት ሆኖ ይቆጠራል? ሻይ ነው። ሚስቱ ናት በማግስቱ ከረጢቱን ይዛ የሄደችው። ሐኪሟ ጽሑፉን አንብባ ገና ሳትጨርስ “ከዛሬ ጀምሮ እንዳትነካው” አለችው። ተወው፤ ቀስ በቀስ ዳነ።

እሱ ዕድለኛ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ስለዚህ ቅጠል ያስጠነቀቀው ገና በ1992 እ.ኤ.አ. ነበር። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣ የሐኪሞች ጥናት ደግሞ ጉበታቸው የተጎዳ 13 ሰዎችን ቆጥሯል። ሁለቱ ጉበት እስከ ማስቀየር ደርሰዋል። ይህን ስናገር “የበረሃው ነባር ሕዝቦች ስንት ዘመን ሲታከሙበት ኖረው የለ?” የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ ታክመውበታል። እነሱ ልኩን ከአያቶቻቸው ተምረዋል፤ እኛ ከማን ተማርን? ቡና ላይ ከሰማነው ወሬ?

እና እባካችሁ ይህን አትሙልኝ። ቅጠሉን እያፈላ የሚጠጣ ካለ ያቁም። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱም የምታፈሉትን ሁሉ፣ ጤና አዳምም ይሁን ጥቁር አዝሙድ፣ ሳትሸማቀቁ ተናገሩ። የወላጆቻችሁንም ጓዳ አንድ ጊዜ ቃኘት አድርጉ።

ቁጥቋጦውን ግን አትጥሉት። እናቴ ዝናብ ሲናፍቃት አንድ ቅርንጫፍ መታጠቢያ ቤት ትሰቅልና ሙቅ ውሃ ትከፍታለች። እንፋሎቱ ሲነካው ቤቱ በሙሉ ዝናብ ዝናብ ይላል። ከዚያ በሩን ከፍታ ቡናዋን ታፈላለች።

አክባሪያችሁ፣
የታክሲ ሾፌር፣ ከላስ ቬጋስ