የማርስ አየር የት ገባ?

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ባለፈው በስልክ «ማርስ ላይ ድሮ ወንዝ ይፈስ ከነበረ አየሩ የት ገባ?» ብለሽ ስትጠይቂኝ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ጥያቄሽ በጣም ስላስደሰተኝ ቁጭ ብዬ ልጽፍልሽ ወሰንኩ።

ከፊሉ ድንጋይ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። አብዛኛው ግን ወደ ጠፈር ነው ያመለጠው።

የፕላኔት አየር ክዳን የለውም፤ ወደ ላይ በወጣሽ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል። በጣም ከፍ ሲል አቶሞቹ እርስ በርስ መጋጨት ያቆማሉ ማለት ይቻላል። እዚያ የደረሰ አቶም ወደ ውጭ እየሄደ ፍጥነቱ ከበቃው በቃ፣ አይመለስም። ከምድር ስበት ለማምለጥ በሰከንድ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ያስፈልጋል፤ ከማርስ ግን 5 ይበቃል። ሃይድሮጅን ቀላል ስለሆነ ሙቀት ብቻውን ያስወጣዋል። ከኛዋ ምድርም በየሰከንዱ ወደ 3 ኪሎ ግራም ይሄዳል። አትደንግጪ፣ ሃይድሮጅኑ የሚመጣው ከውሃ ነው፣ ውቅያኖሶቻችን ደግሞ ብዙ ውሃ አላቸው።

ከበድ ያሉትን የምታባርረው ፀሐይ ናት። ማርስ መላ አካሏን የሚከልለው መግነጢሳዊ መስክ ከጠፋ 4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል። ስለዚህ የፀሐይ ነፋስ፣ ማለትም ከፀሐይ ያለማቋረጥ የሚፈልቀው የቅንጣቶች ጅረት፣ የላይኛውን አየር በቅርብ ያገኘዋል። ኤሌክትሮን ያጡ አቶሞችን ይዞ ይነጉዳል፤ አንዳንዶቹን ደግሞ መልሶ ከአየሩ ጋር ያላትማቸዋል፣ የተመታውም ወደ ውጭ ይስፈነጠራል። እ.ኤ.አ. በ2014 ማርስ የደረሰችው የናሳ መንኮራኩር ሜቨን ስትለካ የፀሐይ ነፋስ በየሰከንዱ 100 ግራም ገደማ እንደሚወስድ አገኘች። ትንሽ ይመስላል። በዓመት ግን ከ3,000 ቶን ይበልጣል፣ ያውም በፀሐይ ወጣትነት ነፋሷ ከዛሬው ይልቅ ኃይለኛ ነበር።

«ድሮ የሄደውን እንዴት አወቁ?» ትይኝ ይሆናል። እኔን ልቤን የሚነካው ይሄ ነው። አርጎን የሚባል ጋዝ አለ። ከምንም ጋር አይዋሃድም፤ ስለዚህ ድንጋይ ውስጥ ገብቷል ማለት አይቻልም፣ ከጠፋ የጠፋው ወደ ጠፈር ነው። አቶሞቹ በክብደት ይለያያሉ፦ አርጎን 36 የሚባለው ቀለል ይላል፣ አርጎን 38 ይከብዳል። እህል ሲያነፍሱ ቀላሉ በነፋስ ሄዶ ከባዱ እንደሚቀረው፣ እዚህም ከፍ ብሎ የሚገኘውና ቶሎ የሚያመልጠው 36ቱ ነው። ምድር ላይ ለአንድ 38 ከ5 የሚበልጥ 36 አለ። ኪዩሪዮሲቲ የተባለችው ተሽከርካሪ ሮቦት ማርስ ላይ ስትለካ ግን 4.2 ብቻ ሆነ። ሳይንቲስቶቹ ይህንን ከሜቨን ልኬት ጋር አገናዝበው እ.ኤ.አ. በ2017 ሂሳቡን አወጡት፦ ማርስ ከነበራት አርጎን 65 በመቶ ያህሉ ሄዷል። አርጎን ይህን ያህል ከሄደ፣ የቀረው አየርም ብዙው አብሮት ሄዷል ማለት ነው።

ውሃው ላይም ይኸው ምልክት አለ፤ ከባዱ ሃይድሮጅን፣ ዲዩተሪየም፣ ከምድሩ በ5 እጥፍ ገደማ በዝቶ ይገኛል። ምክንያቱን እስቲ ራስሽ አስቢበትና ጻፊልኝ።

አባትሽ