ፍላሻችሁ ላይ አንድ ፎቶ ለምን ሁለት ጊዜ አለ?

ውድ ደንበኞቻችን፣

አልበማችሁን ስካን አድርገን ፍላሹን ስናስረክብ ብዙዎቻችሁ ይህንኑ ትጠይቁናላችሁ። «አንዱ ፎቶ ለምን ሁለት ቦታ ተቀመጠ? ትልቁን ባጠፋው ምን ችግር አለው?» እባካችሁ አታጥፉት። ምክንያቱን በዚህ ደብዳቤ ልናስረዳችሁ ፈለግን።

ቲፍና ጄፔግ ሁለት የፎቶ ፋይል ዓይነቶች ናቸው። «ዋና» የሚለው ፎልደር ውስጥ ያሉት ትልልቆቹ ቲፍ ናቸው። «መላኪያ» የሚለው ውስጥ ያሉት ደግሞ ጄፔግ። 10 በ15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፎቶ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን ሲደረግ ወደ 8.4 ሚሊዮን ፒክስል፣ ማለትም የምስል ነጥብ፣ ይወጣዋል። ለእያንዳንዱ ፒክስል 3 ባይት ስለሚያስፈልግ 25 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ቲፉ ይህን ሁሉ ይይዛል። ኤልዜድደብልዩ በሚባለው ዘዴ ብናምቀውም መጠኑ ትንሽ ይቀንሳል እንጂ ከምስሉ አንዲት ነጥብ አትጎድልም። ድሮ ፎቶ ቤቶች ነጌቲቩን በፖስታ አድርገው ይሰጡ ነበር። ቲፉን እንደዚያ ቁጠሩት።

ጄፔግ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል ወደሆኑ ካሬዎች ይከፋፍላል። ከዚያ ዓይን ብዙም አያስተውለውም የሚባለውን ዝርዝር ይጥላል። የተጣለው ተመልሶ አይገኝም። ጄፔጉ ሴቭ ሲደረግ የሚመረጥ የጥራት ቁጥር አለ፤ የሚወስነው ምን ያህል እንደሚጣል ነው። እኛ ከ100 92 ላይ እናስቀምጠዋለን። ቁጥሩ በጣም ዝቅ ሲል የስቱዲዮው መጋረጃ ካሬ ካሬ እየሆነ ይመጣል፤ ፎቶው ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ስም ካለም ዙሪያው ይቆሽሻል። 100 ቢደረግስ? ያኔም ቢሆን የሚጠፋ ነገር አለ። ፋይሉ በጣም ይገዝፋል፣ ዓይን ግን ልዩነቱን አያገኘውም። ራሳችሁ የምትሞክሩ ከሆነ ቁጥሩ በየፕሮግራሙ እንደሚለያይ አትርሱ። ፎቶሾፕ ለምሳሌ እስከ 12 ነው የሚቆጥረው።

ከቁጥሩ ይልቅ እኛን የሚያሳስበን ቀለሙ ነው። ጄፔግ ብርሃንና ጥላን በጥንቃቄ ይይዛል። ቀለሙን ግን ብዙ ፕሮግራሞች በቁመትም በወርድም በግማሽ ያሳንሱታል፤ አራት ፒክስል አንድ ቀለም ይጋራል ማለት ነው። ለተራራና ለሰማይ ፎቶ ይህ ብዙም አይጎዳም። የሐበሻ ቀሚስ ጥበብ ላይ ግን ቀጫጭን ቀይና አረንጓዴ ክሮች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ቀለሙ ሲሳሳ ክሮቹ ይደባለቃሉ፣ ቀዩም ወደ ነጩ ሸማ ይፈሳል። እናታችሁ ለሠርጓ የለበሰችው ጥበብ እንዲህ ሲደበዝዝ ማየት እኛንም ያሳዝነናል። ስለዚህ ባለ ቀለም ፎቶ ሁሉ 4፡4፡4 በሚባለው ምርጫ ነው የምናስቀምጠው፤ ቀለሙ አይሳሳም ማለት ነው። ፋይሉ ትንሽ ይከብዳል፣ ግን ያስቆጫል ብለን አናስብም። ይህን ምርጫ ሁሉም ፕሮግራም አያሳይም። በነፃ የሚገኘው ጂምፕ ያሳያል።

ፎቶውን ደጋግሞ መክፈት ወይም ወደ ሌላ ቦታ ኮፒ ማድረግ ምንም አይጎዳውም። የሚጎዳው ጄፔጉን አርሞ እንደገና ሴቭ ማድረግ ነው፤ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ይሸረሸራል። ፊት ለማብራት፣ ጭረት ለማጥፋት ወይም ለሙት ዓመት በትልቁ ለማሳተም ስታስቡ ከቲፉ ጀምሩ። ማተሚያ ቤትም ቲፉን ይዛችሁ ሂዱ።

ውጭ አገር ላሉ ዘመዶች ስትልኩም አንድ ነገር ልብ በሉ። ቴሌግራም በተለመደው መንገድ እንደ ፎቶ ሲላክበት የምስሉን ረጅም ጎን ወደ 1280 ፒክስል ያወርደዋል። የኛው ጄፔግ ከ3500 በላይ አለው። ስለዚህ «ፋይል» በሚለው በኩል ላኩት። ከቴሌግራም የወረደ ፎቶ ይዘው ለትልቅ ፍሬም አሳትሙልን የሚሉን ብዙ ናቸው፤ ያኔ እኛም ብዙ ልንረዳቸው አንችልም።

ቲፉ ስልካችሁ ላይ አልከፍት ቢል አትደንግጡ። ብዙ ስልኮች ቲፍ አይከፍቱም። ኮምፒውተር ላይ ይከፈታል። ፍላሽ ደግሞ ሳይታሰብ ስለሚበላሽ «ዋና» ፎልደሩን ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይም ገልብጡት። ሃርድ ዲስኩን ይዛችሁ ከመጣችሁ እኛው በነፃ እንገለብጥላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የፎቶ ቤታችሁ ሠራተኞች