ንጉሥ ሊርን የተጫወተው ኤስቶኒያዊ ነው

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

በባህል ዓምዳችሁ ስለ ሼክስፒር ፊልሞች ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አነበብሁት። የሶቪየቱን የፊልም ዳይሬክተር የግሪጎሪ ኮዚንትሴቭን «ንጉሥ ሊር» ስታነሱ ሙዚቃውን የደረሰውን ሾስታኮቪችን፣ ተርጓሚውን ፓስተርናክን ሳይቀር በስማቸው ጠርታችኋል። ሊርን ሆኖ የተጫወተውን ሰው ግን «አንድ ሩሲያዊ ተዋናይ» ብላችሁ አልፋችሁታል። ይህ ይታረም።

ሰውየው ዩሪ ያርቬት ይባላል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1919 በኤስቶኒያ ዋና ከተማ በታሊን ተወለደ፤ የቲያትር ትምህርቱን በ1949 ጨርሶ ዕድሜውን በአገሩ መድረኮች ላይ በአገሩ ቋንቋ ሲተውን ኖረ። በ1968 ዋና ተዋናይ የሆነበትን «እብደት» የተባለ ፊልም የሶቪየት ባለሥልጣናት ከኤስቶኒያ ውጭ እንዳይታይ አግደውት ነበር።

ኮዚንትሴቭ ያርቬትን መጀመሪያ የጠራው ለአነስተኛ ሚና ነበር። ደቃቃ ሰውነት ያለው፣ ፊቱ የተጨማደደ ሰው ነው፤ ግርማው ከሩቅ የሚያስፈራ ንጉሥ ለሚጠብቅ ተመልካች ሊር አይመስልም። ፊልሙን ደግማችሁ እዩት። መኳንንቱ ቀጥ ብለው ቆመው ሲጠብቁ ከበሩ ኋላ ሳቅ ይሰማል፤ ከዚያ ይህ ትንሽ ሽማግሌ ከአጫዋቹ ጋር እየተጫወተ ይገባና እሳት ዳር ሄዶ ይቀመጣል። ሳይቆጣና ሳይጮህ አዳራሹን ሁሉ ያንቀጠቅጠዋል። እኔ ከዚህ የሚበልጥ የንጉሥ አገባብ በፊልም አላየሁም።

ስሙን መጥራት ያለብን ሌላም ምክንያት አለ። በፊልሙ የምንሰማው ድምፅ እንኳ የእርሱ አይደለም፤ በሩሲያኛ የተናገረለት ዚኖቪ ጌርድት ነው። በ1972 በዳይሬክተር ታርኮቭስኪ «ሶላሪስ» ፊልም ዶክተር ስናውትን ሲጫወትም የተሰማው የሌላ ሰው ድምፅ ነበር። በገዛ ልደቱ ግብዣ ላይ እጅጌው ተቀድዶ፣ ዘግይቶ የሚመጣውን ሳይንቲስት ያየ ሰው ግን ያንን ፊት አይረሳውም። ድምፁ በሌላ ድምፅ የተተካበትን ተዋናይ አገሩንም ስሙንም ከነሣነው ምን ቀረለት?

በነገራችን ላይ በዚያው «ንጉሥ ሊር» ኤድመንድንና የአልባኒውን መስፍን የተጫወቱት ሊቱዌኒያውያን፣ ግሎስተርንና ጎነሪልን የተጫወቱት ደግሞ ላትቪያውያን ናቸው። በሚቀጥለው እትማችሁ እርማቱን ስታወጡ እነርሱንም በየአገራቸው ብትጠሯቸው ደስ ይለኛል።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ